የጠዋት ቃል

በኮምቦልቻ መስታወት ሰፈር ሰው የሚነቃው በዶሮ ጩኸት አይደለም፤ በጠያቂዋ ነው። ልክ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ሳጥን ጉሮሮዋን ትጠርግና «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። ጉሮሮ የላትም። ሰው እንድትመስል ሲባል ግን እንድትጠርግ ተደርጋ ተሠርታለች።

ሰፈሩም ይመልሳል። አንዱ ከአልጋው ሳይወርድ፣ አንዷ ፊቷን እየታጠበች፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና» ይሰማል። ጠያቂዋ ቃሉን ትመዘግብና እስከ ነገ ዝም ትላለች። በሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምህረት ሠራተኛ ለጤና ሽፋኑ ሲል በየቀኑ የሚጠበቅበት ግዴታ ይኸው ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ በደስታ ነው የተቀበለው። ሰላምታ ማንን ይጎዳል?

ስንዱም አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ስትመልስ ኖራለች። በጸሐይ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ ፈታሽ ነበረች። ሥራዋ መስታወቱን በጥፍሯ ኳ እያደረገች ማዳመጥ ነው። ጤነኛ መስታወት ድምጹ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ግን መጨረሻው ላይ ይታፈናል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያመለጧት ሦስት መስታወቶች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱንም እስከ ዛሬ እየቆጨች ታነሳቸዋለች። በዚህ ዓመት ፋብሪካው የሚያዳምጥ መሣሪያ አስገባ። መሣሪያው በወር ሁለት መስታወት ያመልጠዋል። ነገር ግን ባል የለውም፤ ባል ስለሌለውም ኩላሊቱ የደከመ ባል የለውም።

ስንዱን ያሰናበቷት በሰማያዊ ወረቀት ነው። «የእርስዎና የባለቤትዎ የጤና ሽፋን ከዛሬ ጀምሮ በስልሳኛው ቀን ያበቃል። እስከዚያ ከአማራጮቹ አንዱን ይምረጡ» ይላል። ከሥራ ወጥተሻል ሲሏት ያልመጣባት ቁጣ «አማራጮቹ» የምትለዋን ቃል ስታነብ መጣባት። ወረቀቱን አራት አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችውና ዳገቱን እየተሳደበች ወጣች።

ባሏ በላቸው በጉልምስናው የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የሚመላለስ ሹፌር ነበር። መኪኖቹ ያለ ሹፌር መሄድ ሲጀምሩ ቤት ገባ። ሁለት ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ደግሞ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሐኪም ቤት ሄዶ አራት አራት ሰዓት ይታጠባል። እጥበቱን ለአንድ ሳምንት ቢዘል ያብጣል፤ ለሁለት ሳምንት ቢዘል እድሩ ድንኳን ይተክላል። ይህን ሐኪሙም፣ ስንዱም፣ እድሩም ያውቃሉ። በላቸው ግን በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ሰላም የሚል፣ «አለሁ፣ ደህና፣ ምን እሆናለሁ!» የሚል ሰው ነው። እጥበት ውሎ ሲመለስ እንኳ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጎረቤቱ ጉልበት ነው።

አማራጮቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የቀበሌ ሽፋን ነው፤ ክትባትና ወሊድን፣ የእጅና የእግር ስብራትን ይይዛል። እጥበት የለበትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለች ስንዱና አለፈችው። ሁለተኛው በልጅ ሽፋን ውስጥ በጥገኝነት መግባት ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ውዴ የምትባል፣ አዳማ ያገባች። ስንዱ ደወለችላት። በውዴ ሽፋን ውስጥ ያለው የጥገኛ ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የባሏ እናትና አባት ይዘውታል። ውዴ ማልቀስ ስትጀምር ስንዱ «ተይ፣ አማትሽን አስወጪ አላልኩሽም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ውስጧ ግን ብሏል።

የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ቅጥያ ይባላል። ያልዳነ በሽታ ያለበት ሰው የቀድሞው ሽፋን ሁለት ዓመት ይቀጠልለታል። ስንዱ ይህን ስታነብ እፎይ አለች። ከበላቸው በሽታ በላይ ያልዳነ በሽታ ወዴት አለና?

በሃያ አንደኛው ቀን ሽፋን ቤት ሄዳ ተሰለፈች። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የበላቸውን መዝገብ ከፈተችና ፊቷ ፈካ አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤትዎ ድነዋል።»

«ምን ሆነዋል?»

«ድነዋል። አንድ ሺህ አራት መቶ አስራ ሁለት ጠዋት ተጠይቀዋል። አንድ ሺህ አራት መቶ አስራ ሁለቱንም ደህና ነኝ ብለዋል። ቅጥያ የሚሰጠው ላልዳነ ሰው ነው።»

«እህቴ፣» አለች ስንዱ፣ ድምጿን እየያዘች፣ «ሰውዬው በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን አውጥተው አጥበው ይመልሱለታል። የሐኪሙ ወረቀት ይኸው።»

«እሱ የሐኪም ወረቀት ነው። ሕጉ ደግሞ የታማሚው ቃል ይቀድማል ነው የሚለው።»

ስንዱ ሕጉን ታውቀዋለች። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ሰልፉ ላይ ነበረች። ልጅ ሳለች ሐኪም ቤቶቹ ያልታመመውን ታመሃል፣ የታመመውን ድነሃል እያሉ ሕዝቡን ሲጫወቱበት፣ ኮምቦልቻና ደሴ ያለ ወጣት ሁሉ ወጥቶ «ስለ ገላዬ የምናገር እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኋል። እሷም ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻለች። ሕጉ ወጣ። ቃሉን የሚሰበስቡ ሳጥኖችም አብረው ወጡ። አሁን የገዛ ጩኸቷን በመስኮት በኩል እየመለሱላት ነው።

«ያልዳነ ለመባል ምን ያስፈልጋል?»

«ዘጠና ተከታታይ ጠዋት አሞኛል ማለት አለባቸው። በመሃል ደህና ካሉ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።»

«የቀረን አርባ ቀን አይሞላም! ዘጠና ቀን አርባ ቀን ውስጥ በየት በኩል ይገባል?»

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። አልተቆጣችም፣ አላዘነችምም። «ቃል ሰሚ ፊት እንዲቀርቡ ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ። ታማሚው ራሳቸው በአንደበታቸው አሞኛል ካሉ ሰሚው ዘጠናውን ቀን የማሳጠር ሥልጣን አለው። የመጀመሪያዋ ቃላቸው ናት የምትቆጠረው። ለአርባ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።»

ከግድግዳ ወዲያ የምትኖረው ዘምዘም ነገሩን ስትሰማ ጭኗን መታች። ዘምዘም ስኳር አለባት፤ ከፋብሪካው የወጣችው ከስንዱ ቀድማ፣ ባለፈው ዓመት ነው።

«እኔን ያተረፈኝ ጥርስ ነው» አለች። «ወላሂ ስንዱዬ፣ ጥርስ! ቃል ሰሚዬ ፊት ቀርቤ ገና ሳልቀመጥ ጉንጩን ይዞ፣ አሞኛል ብሎ ተነስቶ ሄደ። ሰሚ አሞኛል ካለ ችሎቱ ይቋረጣል። ችሎቱ ከተቋረጠ ቀኑም ይቆማል፣ ሽፋኑም አይነካም። ሌላ ሰሚ እስኪመደብልኝ አራት ወር ፈጀ። በዚያ መሃል ዘጠናዬን ቆጥሬ ጨረስኩ። እስከ ዛሬ ያንን ጥርስ እመርቀዋለሁ።»

«አንቺስ በየጠዋቱ አሞኛል ማለቱ አልከበደሽም?»

«አልሀምዱሊላህ የምትለዋ እየቀደመችኝ ሦስቴ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። አልሀምዱሊላህ፣ ግን እግሬ ደነዘዘ ልላት ስል የመጀመሪያዋን ብቻ ይዛ ጥርቅም! በኋላ ጨርቅ ነክሼ ተኛሁ። ጥያቄውን ስሰማ ጨርቁን እስክተፋ አሳቤ ይሰበሰባል።»

ስንዱ ለበላቸው ጨርቅ አላስነከሰችውም። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አስጠናችው እንጂ። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ።

«እንዴት አደርክ?»

«አሞኛል።»

«እንደሱ እየሳቅክ አይደለም። ከልብህ በል።»

«ልቤማ ደህና ነው ስንዱ። ያመመኝ ኩላሊቴ ነው።»

«በላቸው!»

«እሺ፣ እሺ። አሞኛል።» ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ግን አይከብድሽም? ሰው ዓይኑን እንደገለጠ፣ ገና አንድ እህል ሳይቀምስ፣ ፈጣሪውን ሊያማርር? አባቴ ሊሞት ሲል የጠየቁትን ሰዎች ደህና ነኝ፣ ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው ብሎ ነው የሞተው።»

«አባትህን ሳጥን አልጠየቀችውም።»

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጀመረ። የመጀመሪያውን ጠዋት አሞኛል ብሎ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እስከ ረፋዱ ድረስም በሩ ላይ አልወጣም። ጠያቂዋ «ቃል አንድ። ቀሪ ሰማንያ ዘጠኝ» አለች። በማግስቱ ሁለት አለች። ስንዱ ከእንቅልፏ ቀድማው ተነስታ ዓይኑን እያየች ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ሰባት ደረሰ። ዘጠኝ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት አስራ አንድ ሲደርስ ስንዱ ሳታስበው ግንባሩን ሳመችው።

በነጋታው ፋሲካ ነበር። በላቸው ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፊቱ በርቶ ተቀምጧል። ስንዱ ወጡን ልታቀርብ ጎንበስ ብላለች። ጠያቂዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! እንዴት አደራችሁ?» አለች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን!» አለ በላቸው ከመቀመጫው እየተነሳ። «ደህና፣ ደህና፣ ተመስገን!»

ሳህኑ ከስንዱ እጅ ወደቀ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሳጥኗ «ቃል ተመዝግቧል። መልካም በዓል» ብላ ዝም አለች።

«ገደልከን!» አለች ስንዱ። «አስራ አንድ ቀን! አስራ አንዱን ቀን አፈር አስገባኸው!»

«ክርስቶስ በተነሳበት ጠዋት አሞኛል ልበል ነው የምትዪኝ?» ጋቢውን ሰበሰበ። «ሰው እንኳን አደረሰህ ሲለኝ፣ አሞኛል?»

«ሰው አይደለችም!»

«እኔ ግን ሰው ነኝ» አለ በላቸው። ፆሙን ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ነው የገደፉት።

ከፋሲካ ማግስት እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ለችሎቱ ሲነሱ ስምንት ደርሰው ነበር። ስንዱ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን፣ በላቸው ሹፌር ሳለ ለክብር የሚለብሰውን ካፖርት ለበሱ። ዳገቱን ሲወርዱ ሦስት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። በቆመ ቁጥር ታለማምደዋለች። «የመጀመሪያዋ ቃል ናት የምትቆጠረው፣ በላቸው። ሌላውን ሁሉ እኔ እናገራለሁ። አንተ አንዲት ቃል ብቻ።»

«ገብቶኛል ስንዱ። ሕፃን አይደለሁም።»

የቃል ሰሚው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጠረጴዛው መሃል አረንጓዴ መብራት ያላት ነጭ ሳጥን። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሎ ተጽፏል። የአያቶቻችንን ተረት የሰቀሉት ምክር ሊሆን ነው፤ ስንዱ ስታነበው ግን ክስ ሆኖባት ቁጭ አለች።

ሰሚው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያየህይራድ የሚል ስም ደረቱ ላይ ተለጥፏል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙ አልተላጨም፣ ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሳም። ሳጥኗን ነካ ሲያደርጋት መብራቷ በራ። የፋይሉን ቁጥር አነበበ፣ የቀረው ቀን አስራ ስምንት መሆኑን አነበበ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«አቶ በላቸው፣ እንዴት አደሩ?»

ስንዱ ቀድማ አየችው። ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ሲነሳ፣ ወገቡ ከወንበሩ ሲለይ፣ ካፖርቱን ሲያስተካክል አየችው። ልትይዘው እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። በላቸው ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለባለሥልጣን እንደሚገባው ጎንበስ አለ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ ይመስገን» አለ ያየህይራድ።

መብራቷ ብልጭ አለች። «የመጀመሪያ ቃል ተመዝግቧል። ታማሚው ደህና ናቸው። ቆጠራ ዜሮ።»

በላቸው እንደቆመ ቀረ። ያደረገውን ያወቀው ሳጥኗ ስትናገር ነው። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ፍሬን የከዳው ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አልነበረውም።

ስንዱ ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር። ግን አንድ ነገር ያዛት። ሁለት «ደህና» ሰምታለች። የበላቸው ጥርት ያለ ነው፤ ውሸቱን እንኳ ከልቡ ነው የሚለው። የሰሚው ግን መጨረሻው ላይ ታፍኗል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስታዳምጥ የኖረችው ድምጽ ነው፤ አትስተውም።

«አንተ» አለችው። አንቱታው ከአፏ ጠፍቶ ነበር። «ማን ሞቶብህ ነው?»

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ችሎቱ ላይ...»

«ጥቁር ለብሰሃል። ጺምህ የአራት አምስት ቀን ነው። ማን ሞቶብህ ነው?»

ሰውየው ወረቀቱን አየ። «እናቴ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ!» አለች ስንዱ። «ሐሙስ እናትህ ሞታ ሰኞ እዚህ ምን ትሠራለህ? የሐዘን ፈቃድ የለህም?»

«ሰባት ቀን ነበረኝ።» ድምጹ የትም አይደርስም። «ቅዳሜ ጠዋት ጠያቂዋ ጠራችኝ። ለቀስተኛ ቤቱን ሞልቶታል። ደህና ነኝ ተመስገን አልኳት። ሐዘኑ አብቅቷል ብላ ፈቃዱን ዘጋችው።»

ስንዱ ተነሳች። ልትቆጣው አልነበረም። ማንን እንደምትቆጣ ግን አታውቅም፤ ቁጣው ከእሷ ይበልጥ ነበር፣ ከክፍሉም ይበልጥ ነበር። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«እናቱን ቀብሮ ሳምንት ያልሞላው ሰው ደህና ነኝ አለ! አሁን፣ እዚሁ፣ ጆሮዬ እየሰማ! እና ባሌን በዚህ ቃል ነው የምትገድሉት? ደህና በሽታ አለመኖር ነው ያላችሁ ማን ነው? እኔ ደህና ነኝ ስል እኮ አለሁ፣ አልተውኩህም፣ አንተስ አለህ ወይ ማለቴ ነው! አገሩ ሁሉ ሲተያይ የሚሰጣጠው ይቺን ነበር። ሌላ ምን ነበረን? ይቺን ወስዳችሁ መዝገብ አደረጋችኋት። ሌባ ናችሁ! ማጀት ያለውን ሳይሆን አፍ ውስጥ ያለውን የምትሰርቁ ሌቦች!»

«ስንዱ፣ ተይ፣ ሰውየው ምን አደረገ» አለ በላቸው።

«ምንም አላደረገም! ምንም የማያደርግ ሰው ነው እዚህ የሚያስቀምጡት!»

ሳጥኗ «ንግግሩ ጤናን የሚመለከት ቃል የለበትም። አልተመዘገበም» አለች። ያየህይራድ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ሲያነሳቸው ዓይኑ ቀልቷል።

«አቶ በላቸው» አለ። «ይቀመጡ እባክዎ። ሰሚ ሆኜ ሳይሆን እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ። እንዴት አደሩ?»

በላቸው ተቀመጠ። ሚስቱን ሳይሆን እጆቹን ነው የሚያየው።

«አልተኛሁም» አለ። «አሳክኮኝ ነው የማድረው። ቆዳዬን ሳይሆን ከውስጥ ነው፤ በጥፍር አይደረስም። ውሃ ይጠማኛል፤ በቀን ሁለት ብርጭቆ ነው የተፈቀደልኝ። ስንዱ ስትጠጣ ፊቴን አዞራለሁ፣ እሷም አውቃ ደብቃ ትጠጣለች። ከእጥበት ስመለስ እግሬ የራሴ አይመስለኝም። እፈራለሁ። ሌሊት ትንፋሼ ሲያጥር ቀኑ ዛሬ ነው እላለሁ። ሲነጋ ደግሞ አለሁ። አለሁ ማለት ነው ደህና የምለው፣ ጌታዬ። ውሸቴን አይደለም። ግን አሞኛል። በጣም አሞኛል።»

ስንዱ አራት ዓመት አብራው ስትተኛ ይህን ሰምታ አታውቅም። ውሃውን ደብቃ እንደምትጠጣ ማወቁንም አታውቅም ነበር።

አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች። «ቃል አንድ። ቀሪ ሰማንያ ዘጠኝ።»

አስራ ስምንት ቀን ነበር የቀረው፤ የመጀመሪያዋ ቃል ደህና ስለሆነችም ዘጠናው አያጥርም። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ሰዎች ቁጥሩን ያውቁታል። ያየህይራድ ወረቀቱን አስተካከለ፣ እስክርቢቶውን ከጎኑ አስቀመጠ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ስም ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ ሳጥኗ ጎንበስ አለ።

«ቃል ሰሚ ያየህይራድ እባላለሁ» አለ። «ቅድም ያልኩትን ትቻለሁ። ደህና አላደርኩም። እናቴ ሞታለች። አሞኛል።»

«ሰሚው ለመስማት ብቁ አይደለም» አለች ሳጥኗ ያለ ምንም መዘግየት። «ችሎቱ ተቋርጧል። ቀን ቆሟል። ሌላ ሰሚ እስኪመደብ የታማሚው ሽፋን ባለበት ይቀጥላል። የሰሚው ብቃት ይመረመራል።»

መብራቷ ጠፋች። ስንዱ የዘምዘም ጥርስ ትዝ አላት። ጥርስ ያመመው ሰው በሳምንቱ ድኖ ይመለሳል። እናት ግን እንደ ጥርስ አይደለችም።

«ሥራህን ይወስዱብሃል?» አለችው።

«ከወሰዱት ሰማያዊ ወረቀት ይሰጡኛል።» ሊስቅ ሞከረ። «አማራጮቹን አውቃቸዋለሁ።»

እግዜር ይስጥልኝ ልትለው ፈለገች፤ ተወችው። የአንዱ ደም እንዲታጠብ የሌላው እንጀራ መደፋት ካለበት ምስጋናው የቱ ጋ ነው? በላቸው ግን ተነሳ፤ እጁን ይዞ ትከሻ ለትከሻ ሳመው። «የእናትህን ነፍስ ይማር» አለው። «አንተን አሳድጋ ነው የሄደችው።»

ከዚያ ወዲያ በላቸው አልሳተም። በየጠዋቱ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጠያቂዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ዓይኑን ይጨፍናል። «እንዴት አደራችሁ?» ስትል አሞኛል ብቻ ብሎ አይተዋትም። ማሳከኩንም፣ ጥማቱንም፣ ፍርሃቱንም ይነግራታል። የምትይዘው የመጀመሪያዋን ቃል እንደሆነ ያውቃል። የቀረውን ለስንዱ ነው የሚናገረው። ስንዱም ውሃዋን ፊት ለፊቱ መጠጣት ጀመረች፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ ከሁለቱ ብርጭቆ ላይ ሳትቀንስበት ታቀምሰዋለች። ሁለት አለች ጠያቂዋ። ሰባት አለች። ሃያ አለች።

በሃያ ሦስተኛው ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ ወደ እጥበት ሲወርዱ በሽፋን ቤት ደጅ አለፉ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። በየአሥር እርምጃው ነጭ ሳጥን የተሸከመ ምሰሶ ቆሟል፤ የተሰለፈው ሰው ጠዋቱን እዚያው እንዲመልስ ተብሎ ነው፤ ጠያቂው ማንም ይሁን መልሱ ይመዘገባል። ከሰልፉ መሃል አንድ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ምሰሶው ሥር ቆሟል። ጺሙ ወፍሯል። በእጁ ለአራት የታጠፈ ሰማያዊ ወረቀት አለ።

ስንዱ የበላቸውን ክንድ ለቃ ሮጠች። ደስታ ይሁን ሐዘን አታውቀውም፤ ሰው ስታይ ከአፏ የሚወጣው ግን አርባ ዓመት ሲወጣ የኖረው ነው።

«ያየህይራድ! ልጄ! እንዴት አደርክ?»

ካለችው በኋላ ነው ያወቀችው። ከራሱ በላይ ያለችው ሳጥን ብልጭ አለች። ያየህይራድም አያት፤ ፊቱ በራ፣ ወረቀት የያዘ እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፣ ወገቡ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ተከፈተ።

ስንዱ ዘልላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከመዳፏ ሥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ሳጥኗ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትጠብቃለች።

«እንዳትላት» አለችው በጆሮው። እጇን ቀስ ብላ አነሳች። «በል አሁን፣ እውነቱን። ጮክ ብለህ ተናገር፣ ትስማ!»